ተንበርክኮ እምቢ ማለት

የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ ዘውድ የጫኑበት ዕለት ነው፤ ሜይ 6 ቀን 2023። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማወጋችሁ፤ ነገሩ የእነሱ ነውና።) እኔና ልጄ ቡናችንን ይዘን ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰይመናል። ሠረገላው አለፈ፣ ፈረሰኛው አለፈ፣ መለከቱ ተነፋ፤ በመጨረሻም የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ዘውዱን አንሥተው በንጉሡ ራስ ላይ ደፉት። ቀጥሎ ሊቀ ጳጳሱ ራሳቸው ተንበረከኩ። አልጋ ወራሹ ልዑል ዊሊያምም በአባታቸው ፊት ተንበርክከው የታማኝነት ቃል ገቡ፤ ተነሥተውም ጉንጫቸውን ሳሙ።

ልጄ ስኒዋን አስቀመጠች።

"አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች ዴሞክራሲን ለዓለም አስተማርን የሚሉት አይደሉም እንዴ? ታዲያ ምን ሆኖ ነው ሰው ለሰው የሚንበረከከው?"

ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና መልስ አይጠፋኝም። "ወግ ነው ልጄ፤ ትርኢት ነው" ብዬ ልገላገላት ሞከርኩ። "ትርኢት ከሆነማ ለምን አይተዉትም?" አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች። እኔን ግን ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጥያቄዋ ስለ እንግሊዝ ይሁን እንጂ የነካኝ ሌላ ቦታ ነበር። የት እንደ ነካኝ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

መቼም እኛ ዘንድ ነገሩ ግልጽ ነው። የሚንበረከክ ሰው እሺ ያለ ሰው ነው። እምቢ ያለ ደግሞ አንገቱን ቀና ያደረገ፣ ነፍጡን ያነሣ፣ ጫካ የገባ ነው። በሁለቱ መካከል መንገድ ያለ አይመስለንም። ትልቁን ሰው ካከበርከው ትታዘዘዋለህ፤ ካልታዘዝከው ንቀኸዋል። "እሺ ይበልጣል ከሺህ" እየተባልን ነው ያደግነው። ይኸው አገራችን ግን "አንገት ደፊ አገር አጥፊ" የሚል ተረትም አላት። እነዚህን ሁለት ተረቶች ያወረሱን አያቶች ተማክረው ነበር ወይስ ተኳርፈው? እንጃ!

ለልጄ ልሰጣት ይገባኝ የነበረውን መልስ ለማግኘት ከ380 ዓመት በላይ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ጃንዋሪ 4 ቀን 1642 ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ወታደሮቹን አስከትሎ ለንደን፣ ዌስትሚኒስተር ወደሚገኘው የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት መጣ። ንጉሡና ምክር ቤቱ በግብር፣ በሃይማኖትና በጦር ሠራዊቱ አዛዥነት ጉዳይ ከተቃቃሩ ቆይተዋል። የዚያን ቀን የመጣው አምስት እንደራሴዎችን በአገር ክህደት ወንጅሎ ሊይዝ ነው። ወታደሮቹ ደጅ ቀሩ፤ በሩ ግን ሳይዘጋ ቆየ፣ እንደራሴዎቹ መሣሪያውን እንዲያዩት። ንጉሡ ባርኔጣውን አውልቆ በመካከላቸው አለፈና አፈ ጉባኤውን "ወንበርህን ላንዳፍታ አውሰኝ" አለው። ዙሪያውን ቃኘ። አምስቱ ሰዎች የሉም። ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው በቴምዝ ወንዝ በጀልባ አምልጠዋል። ንጉሡ ወደ አፈ ጉባኤው ዞሮ የት እንዳሉ ጠየቀው።

አፈ ጉባኤው ዊሊያም ሌንታል ይባላል። እንቅልፍ ባጣሁበት ሌሊት ሲመላለስብኝ ያደረው ይህ ሰው ነው። ሌንታል በንጉሡ ፊት ተንበረከከ። ተንበርክኮም፣ እዚህ ቦታ ላይ ሳለሁ ምክር ቤቱ ካላዘዘኝ በቀር የማይበት ዓይን፣ የምናገርበት አንደበት የለኝም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። አልተሳደበም፣ አልፎከረም፣ ጠረጴዛ አልደበደበም። ጉልበቱ መሬት ላይ ነው፤ መልሱ ግን እምቢ ነው። ንጉሡ ባዶ እጁን ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደራሴዎቹ ተሰብስበው ባሉበት የእነሱን አዳራሽ ደጃፍ የረገጠ የእንግሊዝ ንጉሥ የለም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። አላበቃም። በዚያው ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። እኛ "ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ" እንላለን፤ እነሱ ከሰሱት። ጃንዋሪ 30 ቀን 1649 ንጉሡ ሁለት ሸሚዝ ደርቦ ወጣ፤ ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ ፈራ እንዳይሉኝ ብሎ ነው። ኋይትሆል በነበረው ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ፣ ሕዝብ እያየ፣ አንገቱ በመጥረቢያ ተቆረጠ። ዘውድ ቀረ ተባለ። ከአራት ዓመት በኋላ የጦሩ መሪ ኦሊቨር ክሮምዌል እንደራሴዎቹን በወታደር አስወጥቶ በሩን ቆለፈባቸው። ንጉሡ ያልቻለውን ንጉሥ ያስገደለው ሰው ቻለው! ክሮምዌል ከሞተ በኋላ ደግሞ በ1660 የተገደለው ንጉሥ ልጅ ከስደት ተጠርቶ ነገሠ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ሕዝብ ሁለቱንም ሞክሯቸዋል። እሺ ብሎ መገዛቱንም፣ እምቢ ብሎ መግደሉንም። ሁለቱም አላዋጡትም። ተመልሶ የያዘው የሌንታልን መንገድ ነው። በ1689 የወጣው የመብት ሕግ ንጉሡ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ሕግ እንዳያግድ፣ ግብር እንዳይጥል፣ በሰላም ጊዜ ጦር እንዳያቆም ከለከለው፤ ዘውዱን ግን ከራሱ ላይ አላወረደም። ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ሕግ ዘውድ የጫነ ሰው አልፈርምም ያለው ለመጨረሻ ጊዜ በ1708 ነው፤ ንግሥት አን ናት፣ ጉዳዩም የስኮትላንድ ሚሊሻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አንድም ሕግ ፊርማ ተነፍጎት አያውቅም። ዛሬም ንጉሡ በአገራቸው ፍርድ ቤት አይከሰሱም። ማለትም የእኛን ተረት በሕግ ይዘውታል፤ ግን ተከሳሽ የሚያደርገውን ሥልጣን ቀስ አድርገው ከእጃቸው ወስደውባቸዋል።

ይህን ሁሉ በየጊዜው የሚያስታውሱበት ሥርዓት አላቸው። ንጉሡ የምክር ቤቱን የሥራ ዘመን ሲከፍቱ በመኳንንቱ ምክር ቤት ዙፋን ላይ ይቀመጡና "ጥቁር ዘንግ" በሚል ማዕረግ የሚጠራውን ሹም እንደራሴዎቹን እንዲጠራ ይልኩታል። ሹሙ ከደጃፉ ሲደርስ በሩን ፊቱ ላይ ይዘጉበታል። በዘንጉ ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚከፈትለት። ንጉሡ በሰላም እስኪመለሱ አንድ እንደራሴ ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ውስጥ በመያዣነት ይቀመጣል። ዘበኞች ፋኖስ ይዘው ምድር ቤቱን ይፈትሻሉ፤ በ1605 ንጉሡንና ምክር ቤቱን አንድ ላይ በባሩድ ሊያጋዩ ያሤሩ ሰዎች ነበሩና። ከዚህ ሁሉ በኋላ ንጉሡ "መንግሥቴ ይህን ያደርጋል" እያሉ የሚያነቡትን ንግግር የሚጽፍላቸው ያው "መንግሥታቸው" ነው።

ለልጄ "ትርኢት ነው" ያልኳት ይህን ነበር። ትርኢትስ ነው፤ ግን የሚታየው ጠብ ነው። እኛ ለሙታችን ተዝካር እናወጣለታለን፤ እነሱ ለጠባቸው ተዝካር ያወጡለታል። በሩ የሚዘጋው 1642 እንዳይረሳ፣ ሹሙ የሚላከውም 1649 እንዳይደገም ነው። የምታስታውሰውን ጠብ እንደገና መዋጋት አያስፈልግህም።

የሚገርመው ደግሞ ተቃዋሚ ፓርቲያቸው ማዕረጉ "የግርማዊነታቸው ታማኝ ተቃዋሚ" መሆኑ ነው። ሐረጉን በ1826 ጆን ካም ሆብሃውስ የተባለ እንደራሴ "የግርማዊነታቸው ተቃዋሚ" ብሎ በቀልድ ጣል አደረገው፤ ሌሎቹም ሳቁ። ቀልዱ ሥር ሰደደና ከ1937 ጀምሮ የተቃዋሚው መሪ ከመንግሥት ደመወዝ ይቆረጥለት ጀመር። በእኛ ጆሮ "ታማኝ ተቃዋሚ" ሲባል ወይ ሰርጎ ገብ ወይ ሆድ አደር ይመስለናል። ምክንያቱም ለእኛ ታማኝነት ማለት እሺታ ነው። ለእነሱ ግን ተቃዋሚው ታማኝ የሆነው ለቤቱ ነው፤ እምቢ የሚለው በቤቱ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ነው።

አሁን እንቅልፍ የነሣኝ ቦታ ደረስኩ።

አስተማሪ ሳለሁ ነው። የሥራ አለቃዬ የነበሩ፣ እንደ አባት የማከብራቸው ሰው አንድ ቀን ቢሯቸው አስጠሩኝ። አስቀመጡኝ፤ ሻይ አዘዙልኝ፤ ስለ ቤተሰቤ ጤና ጠየቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እስቲ የዚያን ልጅ ወረቀት እንደገና እየው፤ የሰው አደራ አለብኝ" አሉኝ። ልጁን አውቀዋለሁ። በሌሎቹ ትምህርቶች ጎበዝ ነው፤ በእኔ ትምህርት ግን ሰንፎ "ሲ" አግኝቷል። የሚገባውም "ሲ" ነው። ተነሥቼ እጅ ነሣሁና "እሺ ጋሼ" አልኩ። "ሲ" በማግስቱ "ቢ" ሆነ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ እኚህን ሰው በየሻይ ቤቱ ስቦጭቃቸው ከረምኩ። ፊት ለፊት አሽከር፣ ከኋላ ዐርበኛ!

ነገሩ በዚህ ቢቆም ሐሜቱ ይበቃኝ ነበር። በዚያ ዓመት ለረዳት ምሩቅነት የተፈቀደው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የሚያዘውም በነጥብ ነው። በእኔ "ቢ" ምክንያት ቦታው ለባለ አደራው ልጅ ሆነ። በአንዲት ፊደል ተቀድሞ የቀረው ከገጠር የመጣ፣ ከእኔ መጽሐፍ እየተዋሰ በሰዓቱ የሚመልስ ልጅ ነበር። መጥቶ አልጠየቀኝም። እሱም እንደኔ "እሺ" ብሎ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ወደ ላይ "እሺ" ስል ወደ ታች "እምቢ" ማለቴ እንደ ነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

"አንተ ሌንታል አይደለህ፤ እሱ ጀግና ነበር" የሚለኝ ወዳጅ አይጠፋም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሌንታል ጀግና አልነበረም። ያን ቀን ካለፈ በኋላ የነፈሰው ነፋስ ሁሉ ሲያወዛውዘው የኖረ ሰው ነው። ንጉሣውያኑ በ1660 ሲመለሱና ንጉሥ ገዳዮቹ ለፍርድ ሲቀርቡ፣ ከተከሳሾቹ በአንደኛው ላይ ለምስክርነት ቆመ። የመሰከረውም ሰውዬው በምክር ቤቱ ውስጥ የተናገረውን ነው። አንደበት የለኝም ብሎ የተንበረከከው ሰው አንደበት አወጣ!

ታዲያ ይህን ፈሪ ሰው በዚያች ሰዓት ምን አጸናው? መልሱን መልሳችሁ እዩት። "እኔ እምቢ እላለሁ" አላለም። "ቤቱ አላዘዘኝም" ነው ያለው። ከፊቱ ንጉሥ ቢኖርም ከጀርባው አዳራሽ ሙሉ ሰው ነበር። እኔ በአለቃዬ ቢሮ ስቀመጥ በክፍሉ ውስጥ የታዩኝ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እሳቸውና እኔ። በሁለት ሰዎች መካከል ደግሞ ይሉኝታ ያሸንፋል። ሦስተኛው ሰው፣ ያ የገጠር ልጅ፣ አልታየኝም። "ጋሼ፣ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ፤ ግን ይህ ነጥብ የእኔ ስላልሆነ ልሰጥዎ አልችልም" ማለት እችል ነበር። ውሸትም አይሆንም። ነጥቡ የእኔ አልነበረም፣ የዚያ ልጅ ነበር።

እንግዲህ ዘውዱን አወድሼ ልሰናበት ስል አንድ ጥርጣሬ ይይዘኛል። ዛሬ በዚያ አገር እምቢ ማለት የማይችለው ማን ነው? ራሳቸው ንጉሡ! በኦገስት 2019 ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን፣ አገሪቱ ከአውሮፓ ኅብረት ስለምትወጣበት ሁኔታ ክርክሩ በጋለበት ሰዓት፣ ምክር ቤቱ ለአምስት ሳምንት እንዲዘጋ ንግሥት ኤልሳቤጥን ጠየቁ። የ93 ዓመቷ ንግሥት ልማዱ እንደሚያዘው እሺ አሉ። መንበርከኩ ዞሯል ማለት ነው። በሴፕቴምበር 24 ግን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 11 ዳኞች በአንድ ድምፅ ድርጊቱ ሕገ ወጥ ነው፣ የመዝጊያ ትእዛዙም ከባዶ ወረቀት አይቆጠርም አሉ። እነዚህ ዳኞች ሲሾሙ ለንግሥቲቱ ታማኝ ሊሆኑ የማሉ ናቸው። በስሟ ተቀምጠው በስሟ የወጣውን ትእዛዝ ሻሩት። ሌንታል እንደገና ተንበረከከ፤ በዚህ ጊዜ አሥራ አንድ ሆኖ።

ይህ ጥርጣሬዬን አቀለለልኝ። ሁለተኛው ግን አልቀለለኝም፤ የመቃብር ነገር ነውና።

ያ አንገቱ የተቆረጠ ንጉሥ የተቀበረው ዊንድዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። በዚያው ጸሎት ቤት አጠገብ የእኛም ልጅ ተቀብሯል፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱን እዚያው፣ እናቱን በመንገድ ላይ አጣ። እንግሊዝ አገር ወሰዱት። ንግሥት ቪክቶሪያ አዘነችለት፣ ወደደችውም፤ ትምህርት ቤት ገባ፤ ግን አልተደላደለም። በ1879 በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ 18 ዓመቱ ነበር። ንግሥቲቱ በማስታወሻዋ ሐዘኗን አስፍራለች፤ መቃብሩ ዊንድዘር የሆነውም በእሷ ፈቃድ ነው። በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አጽሙ እንዲመለስ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ጥያቄ አቀረቡ። በ2023፣ ያውም ዘውዱ በተጫነበት በዚያው ወር፣ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት መልስ በዜና ተሰማ። በአካባቢው የተቀበሩትን የብዙ ሌሎች ሰዎች ዕረፍት ሳያውኩ አጽሙን ማውጣት የሚቻል አይመስልም፤ መቃብሩን መጎብኘት ለሚፈልጉ ኢትዮጵያውያን ልዑካን ግን ፈቃድ ሲሰጥ ቆይቷል የሚል ነበር።

መልሱ ጨዋ ነው። ቁጣ የለበትም፣ ንቀት የለበትም፤ ሐዘኔታም አይጠፋበትም። ምክንያቱንም ከመሬት ተነሥተው አልፈጠሩትም፤ ብዙ ሰው በአንድ ላይ የተቀበረበት ቦታ ነው። ሆኖም እነዚሁ ሰዎች በ2012 ሌስተር ከተማ ውስጥ ከመኪና ማቆሚያ ሥር የንጉሥ ሪቻርድ ሣልሳዊን አጽም ቆፍረው አውጥተው፣ መርምረው፣ በ2015 በክብር በካቴድራል ቀብረዋል። እርግጥ ሪቻርድ የተገኘው ብቻውን ነው፤ ነገሩ አንድ አይደለም። ቢሆንም አጽም የሚፈልግ ሰው መንገድ እንደሚፈልግ ያሳየናል።

ይህን መልስ ሳነብ ለካ ትሕትና ብቻውን አይበቃም አልኩ። የሌንታል እምቢታም ጨዋ ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ እምቢታም ጨዋ ነው። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ሌንታል እምቢ ያለው ወደ ላይ ነው። ሰይፍ የያዘ ወታደር በር ላይ ቆሞ ሳለ ነው። እምቢታው የሚያስከፍለው ራሱን ነበር። ቤተ መንግሥቱ እምቢ ሲል ግን ምንም አይከፍልም፤ የሚከፍለው ልጁን የሚጠብቀው ሩቅ አገር ነው። የእኔም "እሺ" እንዲሁ ነበረች። ጨዋ ነበረች፣ ከእጅ መንሻ ጋር ነበረች፤ ሒሳቡን ግን የከፈለው ከገጠር የመጣ ልጅ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ መንበርከኩን አትጥዪው። ሰው ከራሱ ለሚበልጥ ነገር ጉልበቱን ቢያጥፍ አያንስም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ። ይህ ሰው ሲነሣ "እምቢ" ማለት ይችላል ወይ? ደግሞም ለማን ነው እሺ ያለው፣ ለማንስ ነው እምቢ ያለው? ሒሳቡንስ የሚከፍለው ማን ነው? ለእኔም ቢሆን፣ የማይሆን ነገር ባዘዝኩሽ ጊዜ፣ "አባዬ" ብለሽ ጀምሪና "አይሆንም" ብለሽ ጨርሺ። ሁለቱ ቃላት አይጣሉም።

ይህን ጽሑፍ ለጋዜጣው ከመላኬ በፊት አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝ። አድናቆት እየጠበቅሁ ሳለ "ታዲያ አባዬ፣ ለዚያ ከገጠር ለመጣው ልጅ ነግረኸዋል?" አለችኝ።

አልነገርኩትም። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ የልጆች አባት ሆኖ ይሆናል። የት እንዳለ ከድሮ ተማሪዎቼ እያጠያየቅሁ ነው። ካገኘሁት ምን ብዬ እንደምጀምር ገና አላወቅሁም፤ ምን ሆኜ እንደምቀርበው ግን አውቃለሁ።

ቸር ይግጠመን።